የድንጋይ ከሰል ፉርጎና ጭነቱ፦ ከትልቁ ሀዲድ እስከ ትንሹ ሞዴል



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ አገራችን ታሪክ ብዙ ቁም ነገር ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ለየት ያለ ርእስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም ስለ ባቡር ፉርጎ፣ ያውም በጠረጴዛ ላይ ስለሚሄደው ስለ ትንሹ ሞዴል ነው። «እድርንና የአሻንጉሊት ባቡርን ምን አገናኛቸው?» የሚል አባል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታግሠው ቢያነቡልኝ ግንኙነቱ ኋላ ይገለጣል።

እንደሚታወቀው፣ እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በኩል የድንጋይ ከሰል የጫነ ረጅም ባቡር ማየት ብርቅ አይደለም። ከምዕራቡ ተራራ ተነሥቶ ወደ ባልቲሞርና ወደ ኖርፎክ ወደብ ይወርዳል። እዚህ ተወልደው ካደጉ ልጆቻችን መካከልም ይህንኑ ባቡር በትንሹ ገዝተው፣ ሀዲድ ዘርግተው የሚጫወቱ አሉ። ታዲያ ልጁ ፉርጎውን ይዞ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛ፣ ይህ ፉርጎ የየትኛው ዘመንና የየትኛው ድርጅት ነው? ሁለተኛ፣ ምን ዓይነት ከሰል ይጫንበታል? የመጀመሪያውን የፉርጎው ጎን ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ከሰሉን ማን እንደቆፈረው፣ ማን እንደለቀመውና በምን ሚዛን እንደተከፈለበት ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህም ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው፤ የፉርጎው ጎን የባለንብረቱን ታሪክ ሲናገር፣ ከላይ ያለው ክምር የሠራተኛውን ታሪክ ይናገራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆፐር ምን ዓይነት ፉርጎ ነው?

ክዳን የሌለው የጭነት ፉርጎ ሁሉ አንድ አይደለም። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነው ጎንዶላ ይባላል። ሆፐር የሚባለው ግን ወለሉ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መካከል ያዘነበለ፣ ከሥሩም የሚከፈት በር ያለው ነው። በሩ ሲከፈት ከሰሉ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አካፋ የሚይዝ ሰው እምብዛም አያስፈልግም። ስለዚህ ሞዴሉን ገልብጦ ሆዱን ማየት የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ከሥር የሚወርዱት አፎች ሁለት ከሆኑ ባለ ሁለት፣ ሦስት ከሆኑ ባለ ሦስት፣ አራት ከሆኑ ባለ አራት ሆፐር ይባላል።

በዚህ አገር የባቡር ሥራ ከጀመሩት አንዱ የሆነው በ1827 የተቋቋመው ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድስት በሚመስሉ ክብ የብረት ፉርጎዎች ከሰል ያመላልስ ነበር። አብዛኛው የዚያ ዘመን ፉርጎ ግን የእንጨት ነበረ። ነገሩ የተለወጠው በ1897 ነው። በዚያ ዓመት በፒትስበርግ የቻርልስ ሾን ፋብሪካ፣ ለፒትስበርግ ቤሰመርና ሌክ ኢሪ የባቡር ድርጅት 50 ቶን ያህል የሚችሉ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩ ሆፐሮችን በብዛት ሠራ። ከዚያ ወዲህ የእንጨቱ ፉርጎ ቀስ በቀስ ከሀዲድ ወጣ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሠራ ሆፐር ከትልልቅ የናፍጣ ባቡሮች ጋር ተቀጥሎ ቢታይ፣ ዘመኑ አልገጠመም ማለት ነው።

የጎኑ አጥንት

ዘመኑን ለይቶ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ጎኑን ማየት ነው። የአንዳንዱ ሆፐር ጎን እንደ ከሳ በሬ አጥንቱ ከውጭ ይቆጠራል። ማለትም ላሜራውን ደግፈው የሚይዙት ቋሚ ብረቶች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። የሌላው ደግሞ የላይኛው ላሜራ ወደ ውጭ ተገፍቶ ለስለስ ያለ ይመስላል፤ ቋሚዎቹ ብረቶች ከውስጥ ቀርተዋል።

አጥንቱ ከውጭ ከሚታየው ወገን ሁለት ስመ ጥር ምሳሌ ልጥቀስ። አንደኛው የፔንሲልቬንያ የባቡር ድርጅት ከ1904 ጀምሮ በብዙ ሺህ ያሠራው «ጂ ኤል ኤ» የተባለው ባለ ሁለት ሆፐር ነው። ሁለተኛው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመጣ ነው። በ1917 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ዊልሰን የባቡር ድርጅቶቹን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አዋለ፤ እስከ መጋቢት 1920 ድረስም እንደዚያው ቆየ። በዚያ ጊዜ መንግሥት አንድ ዓይነት ንድፍ አውጥቶ 55 ቶን የሚጭን ባለ ሁለት ሆፐር ከ20,000 በላይ አሠርቶ ለየድርጅቱ አከፋፈለ። በመሆኑም ያው አንድ ፉርጎ በብዙ ድርጅት ስም ተጽፎበት ቢገኝ ውሸት አይደለም። ከሌሎች ንድፎች ላይ ግን የሞዴል ፋብሪካ ያልነበረ ስም የሚለጥፍበት ጊዜ አለና ጠንቀቅ ማለት ነው።

ጎኑ ወደ ውጭ የተገፋው ዓይነት በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች ማኅበር ደረጃ ወጥቶለት ተስፋፋ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የፉርጎው ርዝመት ሳይጨምር ሆዱ ይሰፋል። ጉዳቱ ግን ውሎ አድሮ ታየ። እርጥብ ከሰል በውስጠኛው ብረት ሥር እየተጠራቀመ ላሜራውን በላው። በዚህ ምክንያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አጥንቱ ከውጭ ያለው ዓይነት እንደገና ተመራጭ ሆነ። እንግዲህ «ለስላሳው አዲስ፣ አጥንታሙ አሮጌ» ብሎ መደምደም አይቻልም ማለት ነው።

ጽሑፉን ማንበብ

በጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ እንደ መታወቂያ ወረቀት ነው። የድርጅቱ ምልክትና ቁጥር አለ። ቀጥሎ መደበኛ የመጫን አቅሙ፣ ከፍተኛው የጭነት ክብደትና ባዶውን የሚመዝነው በፓውንድ ይጻፋሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ቢደምሯቸው ሀዲዱ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ክብደት ይገኛል። ለምሳሌ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለ70 ቶን ፉርጎ ድምሩ 210,000 ፓውንድ ነበር። ባዶው 50,000 ከሆነ ጭነቱ 160,000 ይሆናል ማለት ነው። የአሁኖቹ ትልልቅ ፉርጎዎች ጠቅላላ ክብደት እስከ 286,000 ፓውንድ ይደርሳል።

«አዲስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከወርና ከዓመት ጋር ተጽፎ ከተገኘ የተሠራበት ጊዜ ነው። ሌላ ወርና ዓመት ካለ ደግሞ እንደገና የተመዘነበት ነው። በጎኑ ላይ ቀለማት የተደረደሩበት ትንሽ ሰሌዳ ካለ፣ በ1967 ጸድቆ በ1977 የተተወው የመለያ ዘዴ ነውና ሞዴሉ የሚያሳየው ጊዜ ከ1967 በፊት ሊሆን አይችልም። አንዱ ጫፍ ብቻ በሌላ ቀለም ከተቀባ፣ በዚያ በኩል የሚሽከረከር መያያዣ አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፉርጎ ከባቡሩ ሳይፈታ በማሽን ተገልብጦ ይራገፋል።

የድርጅቱም ስም ራሱ ዘመን ይናገራል። የፔንሲልቬንያ ድርጅት በ1968 ከሌላ ጋር ተዋህዶ ስሙ ተለወጠ። ሲ ኤስ ኤክስ በ1980፣ ኖርፎክ ሳውዘርን በ1982 ተመሠረቱ። ይሁን እንጂ አሮጌ ቀለም ከውህደት በኋላም ለዓመታት ሳይቀባ ይቆያል። ስለዚህ አዲሱ ስም ባለበት ባቡር ውስጥ አሮጌው ቢገባ ያስኬዳል፤ የተገላቢጦሹ ግን አያስኬድም።

ጭነቱ ምን ይመስላል?

አሁን ወደ ክምሩ እንምጣ። በመጀመሪያ ከሰል ቀላል ነገር ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ የተሰባበረ ከሰል 50 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ለዚህ ነው የከሰል ሆፐር አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ከዚያም በላይ ተቆልሎ የሚታየው። የብረት ማዕድን ግን እጅግ ከባድ ስለሆነ ፉርጎው ሳይሞላ ክብደቱ ይደርሳል። ኮክ የሚባለው የተቃጠለ ከሰል ደግሞ የከሰልን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ ጎኑ ላይ ሌላ ከፍታ የተቀጠለለት ፉርጎ ይፈልጋል። መልኩም ግራጫ ነው።

የክምሩም ቅርጽ ይለያያል። በድሮ ጊዜ ከሰሉ ከላይ በቧንቧ መሰል መውረጃ ሲንቆረቆር ፉርጎው ቆም እያለ ስለሚጓዝ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጉብታ ይሠራ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከአንድ ማዕድን ወደ አንድ ፋብሪካ በአንድነት የሚሄዱ ባቡሮች ሲበዙ፣ ባቡሩ ሳይቆም የሚጭን መሣሪያ መጣ። ይህ ክምሩን ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ አናቱን ለጥ ያለ ያደርገዋል።

ከዚያም የፍሬው መጠን አለ። የምሥራቅ ፔንሲልቬንያው ጠንካራ ከሰል፣ አንትራሳይት የሚባለው፣ በወንፊት እየተለየ ለየብቻው ይሸጥ ነበር። ስማቸውም የማጀት ቤት ነው የሚመስለው። ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲሄድ እንቁላል፣ ምድጃ፣ ለውዝ፣ አተር፣ ባክዊት፣ ሩዝ ይባላሉ። እንቁላል የሚባለው ከ62 እስከ 83 ሚሊ ሜትር፣ ለውዝ የሚባለው ከ21 እስከ 41 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ኩባንያማ ደንበኛ እንዲለይለት ከሰሉን ሰማያዊ ቀለም እየረጨ «ሰማያዊ ከሰል» ብሎ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ሰማያዊ ጭነት ያለው ሞዴል ብታዩ አትሳቁ፤ እውነት ነው።

ክምሩን የሠሩት ሰዎች

ይህ ሁሉ እኩል ሆኖ የተነፋ ከሰል በራሱ አልተለቀመም። በመሰባበሪያው ቤት ውስጥ፣ ከሰሉ በሚንሸራተትበት ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ድንጋዩን በእጃቸው የሚለቅሙት ሕፃናት ወንዶች ነበሩ። በ1911 ሉዊስ ሃይን በፒትስተን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ፊታቸው በትቢያ እንደጠቆረ ያሳያሉ።

የቆፋሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ማዕድኑ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ጋሪ እንጂ ትልቁ ሆፐር አይደለም። ቆፋሪው የሚከፈለው በጋሪ ወይም በቶን ነበር። በብዙ ቦታ ቁጥሩ የተቀረጸበትን የናስ ምልክት በሞላው ጋሪ ላይ ይሰቅላል፤ ላይ ያለው ሰው በዚያ ያስቆጥርለታል። በአንትራሳይቱ አገር ታዲያ ጋሪው አፉ ድረስ መሙላቱ አይበቃም ነበር፤ ከጠርዙ በላይ መቆለል ነበረበት። ሠራተኞቹ «ጋሪው እየተለቀ፣ ክምሩ እየጨመረ፣ ክፍያው ግን ያው ነው» ብለው አቤት ይሉ ነበር። ድንጋይ ተገኘበት ተብሎ የሚቆረጠውም ሌላ ነው።

በ1902 ከግንቦት እስከ ጥቅምት 147,000 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቁመው የተከራከሩት በዚህ ጭምር ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ኮሚሽን አቋቋመ። በ1903 በተሰጠው ውሳኔ 10 በመቶ ጭማሪ ተገኘ፤ ሠራተኞቹም በራሳቸው ወጪ የራሳቸውን ሚዛን ተቆጣጣሪ እንዲያስቀምጡ ተፈቀደላቸው። አያችሁ፣ እኛ ለጌጥ የምንቆልለው ያ የክምር ጫፍ፣ ለእነሱ ደመወዝ የማይከፈልበት ላብ ነበር።

ፉርጎውን የሠሩትም ቢሆኑ ዕድላቸው የተሻለ አልነበረም። የሾን ፋብሪካ የተጠቃለለበት ኩባንያ በማኪስ ሮክስ ነበረው። ከብዙ አገር የተሰደዱት ሠራተኞቹ ፋብሪካውን «ቄራ» ይሉት ነበር። በ1909 ሥራ አቁመው በተነሣው ግጭት ቢያንስ 12 ሰው ሞቷል።

እነሆ የእድር ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ከስሎቫኪያ፣ ከፖላንድ፣ ከሊትዌኒያና ከጣሊያን የመጡ ሰዎች ዘመድ በሌለበት አገር ሲሞቱ ማን ይቅበራቸው? ከአገራቸው ልጆች ጋር ሆነው በየወሩ ሳንቲም እያዋጡ መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። በ1890 በፒትስበርግ የተመሠረተው የስሎቫክ ብሔራዊ ማኅበር አንዱ ነው። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፤ ማኅበርተኛውም ወጥቶ ይቀብራል። ስሙ እድር አልተባለም እንጂ ነገሩስ ሌላ ምን ነበር?

ይህ ማኅበር ምን ያህል ያስፈልግ እንደነበር ሁለት አደጋ ይመሰክራል። በታኅሣሥ 6 ቀን 1907 በዌስት ቨርጂኒያ በሞኖንጋ ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ ከ360 በላይ ሰው አለቀ። ትክክለኛው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምክንያቱም ቆፋሪዎቹ በመዝገብ ያልተጻፈ ረዳት፣ ልጅም ወንድምም፣ ይዘው ይገቡ ነበርና። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው በሞቱም አልተቆጠረም።

ሁለተኛው በጥር 22 ቀን 1959 በፒትስተን አጠገብ በኖክስ ማዕድን የደረሰው ነው። ከሰስኩዌሃና ወንዝ ሥር ከሚፈቀደው በላይ ተጠግቶ ስለተቆፈረ፣ ወንዙ ጣሪያውን ደርምሶ ገባ። 69 ሰዎች አመለጡ፤ 12ቱ ቀሩ። የሚሽከረከረውን ጉድጓድ ለመድፈን ሀዲዱን ወደ ወንዙ አጥፈው፣ በአሥር የሚቆጠሩ ትልልቅ የከሰል ፉርጎዎችንና በመቶ የሚቆጠሩ የማዕድን ጋሪዎችን እየገፉ ወደ ውኃው ጨመሯቸው። የ12ቱ ሰዎች አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያ አካባቢ የጥልቅ ማዕድን ሥራም ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። እኛ እድርተኞች አስከሬን ያልተገኘለት ለቅሶ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፤ የሚሸኘው ግን የለም።

ሞዴሉን ጭነት እንዴት እንሥራው?

ይህን ካወቅን በኋላ ጭነቱን በጥንቃቄ መሥራት ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት «ኤች ኦ» የሚባለው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ለውዝ የሚባለው ከሰል በሞዴሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች፣ እንቁላል የሚባለው አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ይሆናል። 6 ሚሊ ሜትር ፍሬ ያደረገ ሰው በእውነተኛው ግማሽ ሜትር ቋጥኝ ጫነ ማለት ነው። በብዛት የሚታየው ጉድለት ይኸው ነው።

1ኛ. ፎም ወይም ቀጭን እንጨት በፉርጎው ውስጥ ልክ ገጥሞ እንዲቀመጥ ይቆረጣል። ከጠርዙ ጥቂት ዝቅ ይበል። እንደ ዘመኑ ሁለት ወይም ሦስት ጉብታ፣ ወይም አንድ ለጥ ያለ አናት ይቀረጽለታል። ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ አይበል፤ ከሰል ይንሸራተታልና።

2ኛ. ፎሙ ጥቁር ይቀባል። ቀለሙ ውኃ ነክ ይሁን፤ የሚረጨው ዓይነት ፎሙን ይበላዋል።

3ኛ. እውነተኛ የድንጋይ ከሰል በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ በመዶሻ ይሰበራል። መነጽር ማድረግ፣ አፍና አፍንጫንም መሸፈን ደግ ነው። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ይነፋል፤ የላመው ትቢያ በደንብ ይታጠብና ይደርቃል፤ ያለበለዚያ የሞተሩን ጥርስ ይገባበታል።

4ኛ. በፎሙ ላይ ነጭ የእንጨት ኮላ ተቀብቶ ከሰሉ ይነሰነሳል። ሲደርቅ ኮላ በውኃ ቀጥኖ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ በጠብታ በጠብታ ይንጠባጠብበታል። ሳሙናው ውኃው ሳይንከባለል እንዲሰርግ ይረዳል። እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ይደር።

5ኛ. ከፎሙ ውስጥ የብረት ሮንዴላ ቢቀበር ጭነቱን በማግኔት ማንሣት ይቻላል። ክብደትም ይጨምራል። በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ብሔራዊ ማኅበር ለዚህ መጠን የሚመክረው አንድ አውንስ፣ ሲደመር ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ ነው። አራት ኢንች ተኩል የሆነ ፉርጎ ሦስት ከሩብ አውንስ፣ 92 ግራም ያህል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭነቱ ተነሥቶ የሚገባ ስለሆነ ከሥሩ ትንሽ ወረቀት መለጠፍ ይቻላል። በላዩም ከሰሉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከየትኛው አገር ማዕድን እንደወጣና በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ልጁ ፉርጎውን ሲያነሣ የድርጅቱን ስም ከጎኑ ያነባል፤ ጭነቱን ሲያነሣ ደግሞ የቆፋሪውን አገር ያገኛል። ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ብትሠሩት የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። ልጁም «ይህን ማን ቆፈረው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ሞኖንጋና ስለ ኖክስ፣ ስለ ስሎቫኮቹም ማኅበር ንገሩት። የእኛ እድር ጸሐፊ ለምን በየወሩ ስም እየጠራ እንደሚመዘግብ ያኔ ይገባዋል።

ቸር ያሰንብተን።